ረግረግ በሆዷ የያዘች ጀልባ

ሜይ 19

ጀልባዋን ዛሬ ወደ ውሃ መለስናት። ዘንድሮ በረዶው ዘግይቶ ነው የቀለጠው። ባሌ አልጎት እንደ ልማዱ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በሽቦ ጠረገ። የሌላ ሰው ጀልባ ቀዳዳ ሲገኝባት ያስደነግጣል፤ የኛዋ የምታስደነግጠው ቀዳዳዋ ሲደፈን ነው። መሀሏ ላይ፣ በሁለት ወፍራም ግድግዳዎች መካከል፣ ባሕሩ ይገባል ይወጣል፤ ከየደሴቱ የሰበሰብነው ዓሣ እዚያ ውስጥ እየዋኘ በሕይወቱ ስቶክሆልም ይደርሳል። ሱምፕስኩታ ነው የምትባለው። አባቴም እንደዚህችው ያለች ነበረችው፣ ስሟን ግን ምን ማለት ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የገዛሁት ጨው የተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው ያስጠየቀኝ። «ስለ ጀልባዎቻችን ስም» ይላል። ስሙ ከሁለት ቃል የተሰፋ ነው ይላል ጸሐፊው። ሱምፕ የመጣው ከባሕር ማዶ፣ ከሰሜን ጀርመን ነጋዴዎች አፍ ነው፤ ረግረግ ማለት ነው፣ ውሃ የተኛበት መሬት። ኋላ ዓሣ በሕይወት የሚቀመጥበት ሣጥን በዚያ ተጠራ። «ስኩታ ግን» ይልና እዚያ ላይ ወረቀቱ ተቀዷል።

ለአልጎት አነበብኩለት። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ረግረግ ነው ስቀዝፍ የኖርኩት?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

ቦት ጫማው አልገባው አለ። ክረምቱን ምድጃ አጠገብ ስለቆየ ቆዳው ተኮማትሯል። ኦሲያን፣ ታናሽ ወንድሙ፣ ጫማውን አየ፣ የወንድሙን እግር አየ፣ ምንም አላለም። ኦሲያን የማይቀልድበት ነገር የለም። ዝም ሲል አልወድም።

ሜይ 27

ሐኪሙ የቀረጥ ሹሙን ሚስት ሊያይ መጥቶ ነበር። መንገድ ላይ ጠብቄ ለመንኩት። ቤት ገብቶ የአልጎትን እግር በጣቱ ተጫነው። ጣቱን ሲያነሳ ጉድጓዱ እንደ ቦካ ሊጥ እዚያው ቀረ።

ደጅ አውጥቶ ለብቻዬ ነገረኝ። ልቡ ደክሟል። ልብ መግፋት ሲያቅተው ውሃው ከእግር ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ሳንባ የደረሰ እንደሆነ፣ አለና አቆመ። ስቶክሆልም ሆስፒታል ውሃውን በመርፌ ይቀዱለታል፣ ቶሎ ይሂድ፣ ከባድ ነገር አያንሳ። ከአበባ የተቀመመ ጠብታም ሰጠኝ።

እኔ ማንበብ የተማርኩት ከግድግዳ ነው። እናቴ ቤት ብርዱን ለመመከት አሮጌ ጋዜጣ ይለጠፍ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ ማእዘኑ ላይ ሲደርስ ይቆረጣል፣ ቀሪውን ራሴ እጨርሰው ነበር። የሐኪሙን ግን አልጨረስኩትም።

ለነገሩ ጢሙ እንኳ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነው።

አልጎት ጠብታውን ጠጣ፣ ሆስፒታሉን ግን «መቼም ወደ ስቶክሆልም መሄዳችን አይቀር፣ ከዓሣው ጋር እሄዳለሁ» አለ። እውነቱን ነው። መንገዳችን ነው።

ጁን 4

ጭነት። ከግሮሼር ደሴት እሾኻሙ ዓሣ፣ ከወዲያኛው ወሽመጥ ጥርሳሙ። እባብ መሳዩ ጥቂት። ነፋሱ ጥሩ ነው። አልጎት መሪው ላይ ተቀምጧል፣ ኦሲያን ሸራውን ይስባል። እኔ ምግብ። መጻፍ አልችልም።

ጁን 9

ስቶክሆልም ደርሰን ተመልሰናል።

ዓሣ ሻጯ ማዳም ሉንድብላድ እንደ ሁልጊዜው ወደቡ ላይ ጠበቀችን። እጇን እስከ ክርኗ የጀልባዋ ሆድ ውስጥ ከትታ አንዱን ጥርሳም አወጣች፣ ስንጥቡን ገልጣ አየች፣ ዓሣው በጅራቱ ፊቷን መታት። «ይኸውላችሁ» አለች ለሌሎቹ ሻጮች፣ «የአልጎት ዓሣ ይማታል፤ የእንፋሎት መርከቡ ዓሣ በበረዶ ተገንዞ ይመጣል። እኔ አስከሬን አልሸጥም።» ሌሎቹ ግን የበረዶውን ነው የሚሸጡት። ገዢው ደንታ የለውም። ይህን አልጎትም አይቷል። ዕድሜውን ሙሉ አንድም የሞተ ዓሣ ይዞ አልገባም፤ ሰው የሚያውቀው በዚህ ነው።

ስለ ጋዜጣው ጠየቅኋት፣ ዓሣ የምትጠቀልልበት ክምር አላትና። «አንቺ ሴትዮ፣ ሌላው ሰው ስለ ባርኔጣ ይጠይቀኛል» አለችኝ። ቢሆንም አብራኝ ፈለገች፣ ግማሹን ገጽ አላገኘነውም። ቤቷ የሚከራይ አንገተ ረጅም ተማሪ አለ፣ እሱን እጠይቅልሻለሁ አለች።

ጋዜጣ ስንገለብጥ ጊዜው ሄደ። አልጎት ሸራ አስነስቶ ጠበቀኝ። ሆስፒታሉስ ስለው፣ ነፋሱ ለመመለሻ እንደዛሬ አይገኝም፣ የሚመጣው ጉዞ ላይ አለ። ኦሲያን አየኝ። እኔ ገመዱን ፈታሁ።

የሆስፒታሉ ጣሪያ ከወደቡ ይታያል።

ጁን 17

ተቀምጦ ነው የሚያድረው። ጋደም ሲል የሆነ ነገር ያንቀዋል። ትራስ ደራረብኩለት፣ ከበፊቱ ይሻላል።

ጠብታው አልቋል። ሐኪሙ ወደዚህ ደሴት አልመጣም።

ጁን 24

የበጋው መንፈቅ በዓል። አበባ የለበሰው ምሰሶ ቆሞ ልጆቹ ዞሩበት። አዲስ ድንችና ሄሪንግ ዓሣ በላን። አልጎት ድንች ቀመሰ። አንድ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ሆኖ በእጁ ጭብጨባውን ብቻ ተከተለ።

ከጎተራው ጀርባ ሳህን ሳጥብ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛዋ፣ «ሰውየው ራሱ ሱምፕ ሆኖ የለ? እስከ ጉልበቱ ሞልቷል» አለች። ሌላዋ፣ «ሚስቱ አታይም እንዴ?» «ታያለች። ታያለችና ጋዜጣ ታነባለች።»

ሳህኑን አጥቤ ጨረስኩ። ስለነሱ ክፉ መጻፍ አልፈልግም። ውሃ በሰው ላይ ሲሞላና በጀልባ ላይ ሲሞላ አንድ አይደለም። ጀልባዋ ቀዳዳ አላት፣ ውሃው ገብቶ ይወጣል። ስለ ረግረግ የጻፈው ሰው ይህን አልጻፈም፤ ረግረግ ውሃው የማይወጣበት ነው። ለምን እንደዚያ ብለው እንደጠሯት አልገባኝም። ወይም እኛ ባሕሩ ውስጥ ስለምንኖር ነው። ለነጋዴዎቹ ከላይ ሆነው ሲያዩት ጥቁር የቆመ ውሃ ይሆናል።

እንግዲህ እንዲህ እያልኩ ነው የምውለው።

ጁላይ 2

ኦሲያን ዛሬ ተቆጣ። እኔን ነው የተቆጣው። «እህቴ ቴክላ፣ በነገው የእንፋሎት መርከብ ይዘሽው ሂጂ፣ ዓሣውን ለኔ ተዪው። ባትችይ ተሸክሜ አስገባዋለሁ።» አልጎት ከውስጥ ሰማው። እንደ ሬሳ ተሸክማችሁኝ ሰው ፊት አልወጣም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በቀስታ፣ ይህን አንድ ጭነት አድርሼ ከወደቡ ቀጥታ ሆስፒታል እገባለሁ አለ፤ እጁንም ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ጨብጦ ያላደረገው ነገር የለም።

ኦሲያን ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። በሩ ላይ፣ «ሁለታችሁም ደንቆሮ ናችሁ» አለ።

ጁላይ 5

ጭነናል። ሙሉ። ነፋስ ከደቡብ። አልጎትን ወደ ጀልባዋ ያሻገርነው በወንበር ነው፣ ማንም ሳይነቃ ማለዳ። ካፒቴን ብሎ ኦሲያን ሰላምታ ሰጠው። ሳቁ።

ጁላይ 6

ነፋሱ ቆመ። ልክ ጠባቡ መተላለፊያ አፍ ላይ፣ ከማንኛውም መኖሪያ ራቅ ብለን። ባሕሩ ዘይት ይመስላል። ሙቀቱ የወለሉን ሬንጅ ያቀልጣል።

ኦሲያን ቢላውን ምሰሶው ላይ ሰካ፣ ነፋስ እንዲመጣ። አፉን አሹሎ አፏጨም፤ ፉጨት ነፋስ ይጠራልና በሌላ ጊዜ ጀልባ ላይ የሚያፏጭ ከአልጎት ጥፊ አያመልጥም። ዛሬ «ጠንከር አድርገህ» አለው።

ባሕሩ ካልተንቀሳቀሰ በቀዳዳዎቹ አዲስ ውሃ አይገባም። ዓሣው ያለውን ተንፍሶ ይጨርስና ሆዱን ወደ ላይ ይገለብጣል። ስለዚህ ጀልባዋ መወዛወዝ አለባት። ኦሲያን በግራ፣ እኔ በቀኝ፣ እግራችንን ከፍተን ቆመን ክብደታችንን ወደ አንዱ እግር፣ ወደ ሌላው እግር። ልጅ ሆኜ ለአባቴ ሠርቼዋለሁ። መጀመሪያ አትነቃነቅም፤ ኋላ ልማዱን ስትይዘው ራሷ ትመጣለች፣ ውሃው ከታች እንደ ጉሮሮ ሲንቆረቆር ይሰማል። ያኔ ዓሣው ተነፈሰ ማለት ነው።

አልጎት ከታች ክፍሉ ሆኖ ድምፁን ያዳምጣል። ስናቆም ግድግዳውን በጡጫው ይመታል።

ጁላይ 7

ነፋስ የለም።

ኦሲያን በትንሿ ጀልባ ወርዶ ትልቋን በገመድ እየሳበ ሊቀዝፍ ሞከረ። ሙሉ ጀልባ ናት፣ ንቅንቅ አላለችም። መዳፉ ተላጠ። የቅርቡ መንደር ቀዝፎ ደርሶ ሰው ሊያመጣ ፈለገ፤ አልጎት ማን ያወዛውዛል አለ። አንድ ሰው ብቻውን አይችልም።

ከሰዓት በኋላ ነጯ የእንፋሎት መርከብ መጣች። ወደ ስቶክሆልም የምትሄደው። ነጭ ጨርቅ ለሚያውለበልብ ሁሉ ትቆማለች፣ ልማዷ ነው፣ ለአንድ ጣሳ ወተትም ቆማ ታውቃለች። ነጭ ሽርጤን ፈትቼ ከፍ አደረግሁት። አልጎትን ለአየሩ ብለን ወደ ላይ አውጥተነው ነበር፤ ከምሰሶው ተደግፎ ያየኛል። ከንፈሩ ሰማያዊ ነው።

«አውርጂው» አለ።

«አልጎት፣ እስከ ማታ ሆስፒታል ነህ።»

«ብታቆሚያት ማዕበሏን እናጣለን። ትለፍ። ማዕበሏ ለዓሣው ይበቃል።»

ኦሲያን «አውለብልቢ እንጂ» ብሎ ጮኸብኝ፣ ሮጦ ሊቀማኝም ተነሳ። አልጎት ግን አልጮኸም። «ቴክላ» ብቻ አለ።

ሽርጡ እጄ ውስጥ ነበር። አወረድኩት።

መርከቧ አለፈች። ተሳፋሪዎች እጃቸውን አውለበለቡልን። ከዚያ ማዕበሏ መጣ፣ ጀልባችን ተነሳች ወደቀች፣ ሆዷ ውስጥ ውሃው ተንፏፏ። አልጎት ዓይኑን ጨፍኖ እያዳመጠ ፈገግ አለ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም።

ጁላይ 8

ጧት። ነፋስ የለም። አልጎት ማታውን ሙሉ አየር ሲፈልግ አደረ። እጄን ያዘኝ። አብሬው ልቀመጥ አልኩት፣ ሂጂ አለኝ፣ ዝም ብላለች አለ፣ ጀልባዋን ነው።

ጁላይ 8፣ በኋላ

ቀኑን ሙሉ አወዛወዝን። ከወለሉ ክፍት በኩል ቁልቁል አየው ነበር። ጀልባዋ ስትሄድ አብሮ ይሄዳል፣ ስትመለስ ይመለሳል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ከፍ ዝቅ ይል ስለነበር ተኝቷል አልኩ። ለኦሲያንም ነገርኩት፤ ተኛልህ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ተኛ፣ እንዳታቆም። እሱም እሺ አለ። ግድግዳውን ስላልመታም ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ ምሽቱ ከደቡብ ትንሽ ነፋስ መጣ። ሸራው ሞላ። ማወዛወዙን ተውን። ጀልባዋ ቀጥ ብላ መሄድ ጀመረች።

ያኔ የአልጎትም ደረት ከፍ ዝቅ ማለቱን አቆመ።

መቼ እንደሞተ አላውቅም። ኦሲያንን ጠየቅሁት፣ እሱም አያውቅም።

ጁላይ 10

ስቶክሆልም። ማዳም ሉንድብላድ በጨርቅ የተሸፈነውን አይታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቢሆንም ዓሣ ዓሣ ነው፣ መውጣት ነበረበት። በመጭለፊያው መረብ ሲያወጡት አልረዳኋቸውም። ስትጨርስ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ልታጽናናኝ ነው፤ የምታውቀውን ማጽናኛ አመጣች።

«አንድም አልሞተም፣ የኔ እህት» አለችኝ። «ስንጥባቸው ቀይ ነው። አንድም።»

ጁላይ 16

ቀበርነው። ቄሱ ስለ ባሕሩ ጸጥ ማለት አነበቡ፤ ማዕበል ጸጥ አለ የሚለውን። ደግ ናቸው፣ ሳያስቡት ነው። ኦሲያን ራሱን አቀርቅሮ ወጣ።

ጁላይ 25

ሰው እየመጣ ዳቦ ያኖራል። ከጎተራው ጀርባ ስታወራ የሰማኋት ሴትዮም መጣች። እህል ቅመሺ እንጂ አለችኝ፣ ሹራብም ሰጠችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም። ያለችውም ትክክል ነበር።

ሽርጡን ማጠብ አልቻልኩም። ንጹሕ ነው፣ ምንም አልነካውም። ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ብታውለበልቢው ኖሮ እያለ ያስጨንቀኛል። ከዚያ ደግሞ ፈገግታው ይመጣል። ማዕበሏ ሲመጣ። የትኛውን ልያዝ? አውለብልቤ ቢሆን ፈገግታው አይኖርም ነበር፣ እሱ ይኖር ነበር። ይኖር ነበር ወይ? ሐኪሙን ጠየቅሁት፣ በቀብሩ ማግስት ሄጄ። መሬቱን አይቶ፣ ምናልባት እስከ መከር አለ። ምናልባት ማለቱ ለእሱ አዘኔታ ነው። ለእኔ እስከ መከር ብዙ ነው። በመከር ጊዜ አልጎት ፖም ይወድ ነበር።

ኦገስት 6

ኦሲያን ብቻውን ጀልባዋን ሊነዳት አይችልም፣ ሌላም ሰው ለዚህ ሥራ የሚመጣ የለም። ሁሉም ዓሣውን በበረዶ ነው የሚልከው። አሸዋ የሚያመላልሱ ሰዎች ሊወስዷት ነው። ኦሲያን ፈቃድ ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩ። ለአሸዋ ሆዷ ደረቅ መሆን አለበት።

ከስቶክሆልም ሲመለስ የማዳም ሉንድብላድን መልእክት በቃሉ ይዞልኝ መጣ፣ ድምፅዋንም አስመስሎ ነው የነገረኝ፤ ሊያስቀኝ ብሎ ይሆናል። ተማሪው መጽሐፍ ገልጦ ነግሯታል። ስኩታ ጥንታዊ የእኛው ቃል ነው፣ ከመወርወር የመጣ ነው፣ አፍንጫዋ ወደ ፊት ተወርውሮ ስለወጣ ነው አለ። «ለዚህ ለዚህማ አራት ዓመት መማር ምን ያደርጋል፣ አፍንጫዋን ማየት ነው» ብላለች።

እንግዲህ ሞላልኝ። ከፊት ወደፊት የሚወረወር፣ መሀል ላይ የተኛ ውሃ። ሁለቱን የሰፋቸው ማን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም፣ ተማሪውም አላለም። በሜይ ወር ይህን ባውቅ ለአልጎት አነብለት ነበር። እሱም የሚለው ነበረው። ምን እንደሚል ልጨርሰው ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም።

ኦገስት 11

ዛሬ ደፈኗት።

ጀልባዋን ዳር አውጥተው በጎኗ አጋደሟት፣ ከእንጨት የተጠረበ ውታፍ በየቀዳዳው እየከተቱ በመዶሻ ይመታሉ። ቤት ሆኜ ሰማሁት። ቶሎ ያልቃል ብዬ ነበር፣ ቀዳዳው ግን ብዙ ነው፤ አልጎት በሽቦ ሲጠርግ በየዓመቱ አብሬው ስለነበርኩ የትኛው ጋ እንደደረሱ በድምፁ አውቃለሁ። ከመሪው በኩል ጀመሩ። መሀል ሲደርሱ እንጨቱ ወፍራም ነው፣ ድምፁ ይወፍራል።

አንድ ጊዜ ቆሙና የኦሲያን ድምፅ መጣ። ከታችኛው ሳንቃ ስር አንድ እባብ መሳይ ዓሣ ተሸጉጦ አገኙ። ከዚያ ጉዞ የቀረ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ማንም ሳያወዛውዝለት በሕይወት ኖሯል። የአሸዋው ሰውዬ ሊበላው ፈልጎ ነበር፣ ኦሲያን ቀምቶ ባሕር ውስጥ ጣለው። ይህን ሊነግረኝ ደስ ብሎት ገባ። ፊቴን አይቶ ወደ በሩ ተመለሰ።

ሲወጣ አሸዋ ጫኞቹ ምን እያልን እንጥራት እያሉ ነው አለኝ፣ ሱምፕስኩታ ልንላት አንችልም፣ ውሃ የላትም።

«ስኩታ በሏት» አልኩት።

ነፋስ ነበራቸው። ቶሎ ሄዱ። ከመስኮቱ አፍንጫዋን ብቻ አየሁ።

ኦገስት 19

ነፋሱ ዳግመኛ ቆሟል። ሙቀት ነው።

ዛሬ ጎረቤቴ ዳቦ ይዛ ገብታ ምን ሆነሻል አለችኝ። ምንም አልኳት። ትዘምሪ ነበር እንዴ፣ ትወዛወዣለሽ አለችኝ። አላወቅሁም ነበር። ከሄደች በኋላ ራሴን ተከታተልኩ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ይህን ስጽፍ ወገቤ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ ይመለሳል። አቁም እለዋለሁ፣ ይቆማል። ቤቱ ጸጥ ሲል ተመልሶ ይጀምራል፤ እኔም ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አቀናለሁ፣ የሚመታው ካለ ብዬ።